የከንቲባው ኃጢአትና የመራጩ ሚዛን

የዕድር ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። አንዱ ተነስቶ እጩው መጠጥ ያበዛል ይላል። ሌላው ደግሞ «ይጠጣል እንጂ የሰው ገንዘብ አይነካም፤ ደግሞስ ከማን ለቅሶ ቀርቶ ያውቃል?» ብሎ ይመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚረታው ሁለተኛው ተናጋሪ ነው። ከአፍሪካ ውጭ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በውስጧና በዙሪያዋ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲም ይህንኑ ክርክር ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትከራከር ኖራለች። የክርክሩ መነሻ ማሪዮን ባሪ የተባሉ ከንቲባ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃንዋሪ 18 ቀን 1990 ምሽት ባሪ ቪስታ በተባለ የከተማዋ ሆቴል አንዲት የቀድሞ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ሴትየዋ ከኤፍ.ቢ.አይ. ጋር እየሠራች ነበር፤ ክፍሉ ውስጥም ካሜራ ተደብቋል። ከንቲባው ክራክ ኮኬይን ሲያጨሱ ተቀረጹ። ወዲያው መርማሪዎች ገብተው ያዟቸው። ፊልሙ ችሎት ከቀረበ በኋላ በቴሌቪዥን ስንትና ስንት ጊዜ ታየ። ነገሩን የከበደ ያደረገው ጊዜው ነበር። 600 ሺህ ገደማ ነዋሪ ባላት ከተማ በዚያ ዓመት ብቻ ከ470 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከግድያዎቹ ብዙዎቹ ከዚሁ ከክራክ ንግድ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ልጁን በዕፅ ምክንያት ለቀበረ ወላጅ ከንቲባው የሠሩት ነገር እንደ ግል ድክመት ብቻ የሚታለፍ አልነበረም።

እኚህ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።

ከሩቅ ለሚያይ ቀልድ ይመስላል፤ በጊዜው የአሜሪካ ቀልደኞችም ጠግበው ስቀውበታል። መራጩን ሞኝ ነው ብሎ መደምደም ግን ምንም አያስረዳም። የምርጫ ውጤቶቹን በቅደም ተከተል ያየ ሰው፣ መራጩ ሚዛን እንደነበረው ይገነዘባል።

በፍርዱ እንጀምር። ባሪ የተከሰሱት በ14 ክሶች ነው። ባለቤታቸው ኤፊ ችሎት ተቀምጠው የእጅ ሥራቸውን እየሠሩ ጉዱን ሁሉ ሰሙ። በኦገስት 1990 ጁሪ የሚባሉት 12 የሕዝብ ዳኞች በአንድ ክስ ጥፋተኛ አሏቸው፣ በአንዱ ነፃ ለቀቋቸው፣ በቀሩት 12 ክሶች ላይ ሊስማሙ አልቻሉም። የሚገርመው ደግሞ ጥፋተኛ የተባሉበት ክስ የቪስታ ሆቴሉ አልነበረም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1989 ዕፅ ይዘው ነበር የሚለው ነው። አገር ሁሉ በዓይኑ ያየው ፊልም ዳኞቹን ለሁለት ከፍሏቸዋል። ክሱ ቀላል ወንጀል ስለነበረ የስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ባሪ ወህኒ ከመውረዳቸው በፊት፣ በኖቬምበር 1990፣ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደሩና ተሸነፉ። በረጅም የፖለቲካ ሕይወታቸው የተሸነፉበት ብቸኛው ምርጫ ይህ ነው። በ1992 የጸደይ ወራት ከወህኒ ወጡ። በዚያው ዓመት ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ በሚገኘው፣ በከተማዋ ድሃ በሆነው የምርጫ ክልል፣ በዋርድ 8 ለምክር ቤት ተወዳድረው በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። በ1994 ደግሞ በዴሞክራቲክ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ከንቲባ በ47 በመቶ ድምፅ ረቱ፤ በጠቅላላ ምርጫውም 56 በመቶ አገኙ። በፍርዱና በእስሩ መካከል «አይሆንም» ያለ ከተማ፣ ቅጣቱ ካለቀ በኋላ «ይሁን» አለ። የመራጩ የመጀመሪያ መመዘኛ ይህ ይመስለኛል፤ ዕዳው ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?

በዋርድ 8 ይህ ጥያቄ ለብዙ ሰው የራሱ ጥያቄ ነበር። ወንድሙ የታሰረበት፣ ልጁ በሱስ የተያዘበት ቤት ብዙ ነው። ባሪ ስለ ሱሳቸውና ስለ መዳናቸው በአደባባይ ሲናገሩ፣ አድማጩ የሚሰማው የገዛ ቤቱን ወሬ ነበር። እሳቸውን ተመልሰህ መነሳት አትችልም ማለት፣ ከወህኒ ለሚመለሰው ልጁም ያንኑ ማለት ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ውለታ ነው። ባሪ በ1936 ሚሲሲፒ ውስጥ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በኬሚስትሪ ማስተርስ ድረስ ተማሩ፤ በ1960 በመብት ትግሉ ስመ ጥር የሆነው የተማሪዎች ኮሚቴ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ነበሩ። በ1965 ወደ ዋሽንግተን መጡና ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ፈት ወጣቶችን የሚቀጥር ድርጅት አቋቋሙ። በ1978 ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በቀጣዩ ዓመት የጀመሩት የክረምት የወጣቶች ሥራ ፕሮግራም፣ ለብዙ ሺህ የከተማዋ ልጆች የመጀመሪያውን ደመወዝ ያስጨበጠ ነው። ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ከማዘጋጃ ቤቱ ሥራና ኮንትራት ርቀው የኖሩት ጥቁሮች በሩ የተከፈተላቸው በእሳቸው ዘመን ነው። በ16 ዓመቱ የመጀመሪያ ደመወዙን በባሪ ፕሮግራም የተቀበለ ሰው፣ በ1994 ሠላሳ ዓመት አልፎት የምርጫ ካርድ ይዞ ተሰልፏል። የቪስታው ፊልም ከዚያ ትዝታ ጋር ነበር የሚመዘነው።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ለውጭ ሰው የሚከብደው፣ ከሳሹ ማነው የሚለው ነው። ዋሽንግተን የአሜሪካ ዋና ከተማ ብትሆንም ነዋሪዎቿ በኮንግሬስ ድምፅ የሚሰጥ ወኪል የላቸውም። የራሳቸውን ከንቲባ እንዲመርጡ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1973 ነው፤ ከዚያ በፊት ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ያስተዳደሯት ሹመኞች ነበሩ። ኮንግሬስ እስከ ዛሬ የከተማዋን ሕግ መሻር ይችላል። የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ እንኳን በአብዛኛው የወንጀል ጉዳይ የፌዴራሉ መንግሥት ሹም ነው። ሁለት ሦስተኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት በዚያ ዘመን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሴት ልኮ፣ ካሜራ ደብቆ፣ ዕፅ አቅርቦ ከንቲባውን መያዙን ብዙዎች የሕግ ማስከበር ሥራ ብለው አልተቀበሉትም። ወጥመድ ነው አሉ። ሰውየው ማጨሳቸውን ግን ማንም አልካደም።

እንደ ዕድርተኛው ሁሉ መራጩ የግል ኃጢአትንና የሕዝብ ገንዘብን ለይቶ ያያል። ከባሪ ምክትሎች አንዱ የነበሩት አይቫንሆ ዶናልድሰን በ1985 ከ190 ሺህ ዶላር በላይ የከተማ ገንዘብ መውሰዳቸውን አምነው ታሰሩ። ባሪ ግን በዓመቱ እንደገና ተመረጡ፤ የተሰረቀው በእሳቸው ቢሮ ሥር ቢሆንም እጃቸው ላይ አልተገኘማ! እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ልዩነት ነው። ከንቲባ ዋናው ሥራው ሰው መሾምና መቆጣጠር ሆኖ ሳለ፣ የሾመው ሰው ስርቆት ከሆቴል ክፍሉ ታሪክ ያነሰ ሲመዝን ሚዛኑ ተዛብቷል።

ተመሳሳይ ነገር ለወገኖቻችን ቅርብ በሆነ ቦታም ታይቷል። አዳምስ ሞርጋንና ዩ ስትሪትን የሚያጠቃልለው ዋርድ 1 የብዙ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች መገኛ ነው። ክልሉን ከ1999 ጀምሮ የወከሉት ጂም ግራሃም ከማኅበረሰቡ ጋር የቀረበ ግንኙነት ነበራቸው። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ጭምር አገልግሎት እንዲሰጡ መንገድ የከፈተውን የ2004 ሕግ ካራመዱት አንዱ እሳቸው ናቸው። በ2009 ከታክሲ ፈቃድ ጋር በተያያዘ የጉቦ ምርመራ በርካታ ታክሲ ነጂዎች፣ አብዛኞቹ ትውልደ ኢትዮጵያ፣ ተከሰሱ። የግራሃም የቅርብ ረዳትም ተይዞ በኋላ ጥፋቱን አመነ። ግራሃም ራሳቸው አልተከሰሱም፤ በ2010 እንደገና ተመረጡ። በ2013 ግን በአንድ የኮንትራት ጉዳይ ምክር ቤቱ እሳቸውን በስም ወቀሳቸውና በ2014 ተሸነፉ። የአካባቢው ነዋሪ መለወጡም አስተዋጽኦ እንዳለው መዘንጋት አይገባም።

ወደ ባሪ እንመለስ፤ ይቅርታው ዋጋ አስከፍሏልና። በ1995 ሥልጣን ሲረከቡ ከተማዋ በከፍተኛ የበጀት ጉድለት ተዘፍቃ ነበር። ችግሩ ለዓመታት የተጠራቀመ ነው፤ የራሳቸው የቀደሙት ሦስት ዘመኖችም ድርሻ አላቸው። ኮንግሬስ በዚያው ዓመት የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ሾመባት። በ1997 ደግሞ ዋና ዋናዎቹን መሥሪያ ቤቶች ከከንቲባው እጅ አውጥቶ ለቦርዱ ሰጠ፤ ለባሪ የቀሯቸው እንደ መናፈሻና ቤተ መጻሕፍት ያሉት ነበሩ። የፌዴራሉን ጣልቃ ገብነት ለመቃወም ጭምር የተሰጠ ድምፅ፣ ጣልቃ ገብነቱን አባባሰው። ባሪን ባይመርጡ ቦርዱ አይመጣም ነበር ማለት አይቻልም፤ ጉድለቱ ያው ነበርና። የቪስታው ፊልም ግን ከተማዋ ራሷን ማስተዳደር አትችልም ለሚሉት የኮንግሬስ አባላት ጥሩ ማስረጃ ሆኖላቸዋል። የከፈለው ደግሞ ባሪን የመረጠው ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ድምፅ ብቻ የሰጣቸው፣ ባለጸጋና በአብዛኛው ነጭ የሆነው ዋርድ 3ም አብሮ ከፍሏል።

ባሪ በ1998 ለከንቲባነት አልተወዳደሩም። በ2004 ግን ወደ ዋርድ 8 ተመልሰው እንደገና ተመረጡ። በ2005 ግብር ባለማሳወቅ ጥፋተኛነታቸውን አመኑ፤ በ2010 ለሴት ወዳጃቸው የከተማ ኮንትራት በመስጠታቸው ምክር ቤቱ አወገዛቸው፤ መራጩ ግን በ2008ም በ2012ም መለሳቸው። በኖቬምበር 2014 በ78 ዓመታቸው ሲሞቱ የምክር ቤት አባል ነበሩ። በ2018 ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት ሐውልት ቆሞላቸዋል።

ነገሩ ከባሪ ጋር አልተቀበረም። በ2012 ሁለት የምክር ቤት አባላት በገንዘብ ወንጀል ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ መራጩ፣ በሥልጣን ላይ እያለ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ወንበሩን እንዲያጣ በሕዝበ ውሳኔ አጸደቀ። ምክር ቤቱም አባሉን የማባረር ሥልጣን አገኘ። ይህ ሥልጣን የተፈተነው እዚያው ዋርድ 8 ላይ ነው። ባሪ ያቀረቧቸው የነበሩት ትሬዮን ኋይት በኦገስት 2024 በጉቦ ተጠርጥረው በኤፍ.ቢ.አይ. ተያዙ፤ ክሱን ክደዋል። በኖቬምበር እንደገና ተመረጡ። ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2025 በሙሉ ድምፅ አባረራቸው። በጁላይ ባዶውን ወንበር ለመሙላት ምርጫ ሲጠራ ኋይት ተወዳደሩና አሸነፉ።

ይህ የባሪ ታሪክ ድግግሞሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ባሪ ፍርዳቸውን ጨርሰው ነበር የመጡት፤ የኋይት ጉዳይ በምርጫው ዕለት ገና ፍርድ አላገኘም። የባሪ ክስ የግል ሱስ ነበር፤ የኋይት የሕዝብ ገንዘብ። ቁጥሩም ይለያያል። ኋይት ያሸነፉት ከድምፁ አንድ ሦስተኛ ባነሰ ነው፤ ድምፅ ከሰጡት አብዛኞቹ ሌሎቹን ሦስት እጩዎች መርጠው ተከፋፈሉ። ዋሽንግተን በኖቬምበር 2024 መራጩ እጩዎችን በቅደም ተከተል ደረጃ የሚሰጥበትን አሠራር በሕዝበ ውሳኔ አጽድቃ ነበር። በዚህ አሠራር አንድ እጩ ከግማሽ በላይ ካላገኘ የመጨረሻው እየወጣ፣ ድምፁ ለቀጣይ ምርጫ ይቆጠራል። የጁላይ 2025ቱ ምርጫ ግን የተካሄደው በአሮጌው ደንብ ስለነበር፣ ሁለተኛ ምርጫችሁስ ማነው ተብሎ የተጠየቀ የዋርድ 8 ነዋሪ የለም።