«ቴራፒ» ስለሚባለው ቃልና በአማርኛ ስለሚቀርቡት ቃላት

በየሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒ፣ ኬሞቴራፒ ሲባል እንሰማለን። ተርጓሚዎቻችን ይህን «ቴራፒ» አንድ ጊዜ «ሕክምና»፣ ሌላ ጊዜ «ፈውስ» ይሉታል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውም በሽተኛው ምን ተስፋ እንዲያደርግ የሚወስን ስለ ሆነ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ቃሉ የተገኘው «ቴራፔያ» ከሚለው የጽርዕ ቃል ነው። ጥንተ ትርጓሜው አገልግሎት፣ ይኸውም ለአማልክት፣ ለጌታ ወይም ለታመመ ሰው የሚደረግ እንክብካቤ ነበረ። «ቴራፖን» ማለት ሎሌ፣ አጃቢ ማለት ነው። በሆሜሮስ ኢልያድ ፓትሮክሎስ የአኪሌስ ቴራፖን ነው፤ ይኸው ሰው በ11ኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከቆሰለው ከኤውሪፒሎስ ጭን ፍላጻውን ቆርጦ ሲያወጣ፣ ደሙን ለብ ባለ ውሃ ሲያጥብና መራራ ሥር በእጁ አሽቶ ሲያደርግበት እናያለን። ለማዳን ግን ጽርዓውያን ሌላ ግስ ነበራቸው፤ ሐኪሙን «ያትሮስ» ያሰኘው እርሱ ነው። በሉቃስ ወንጌል 9፥11 የጽርዑ ንባብ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሕዝቡ የሚያስፈልጋቸው ቴራፔያ ሲሆን፣ የተደረገላቸው ነገር በሁለተኛው ግስ ተነግሯል። እርግጥ በወንጌላት የመጀመሪያው ግስ ራሱ ብዙ ጊዜ «ፈወሰ» ተብሎ ይተረጐማል። ሆኖም በሐዋርያት ሥራ 17፥25 እግዚአብሔር በሰው እጅ የማይገለገል መሆኑ የተነገረው በዚሁ ግስ ነው።

ወደ እኛ ቋንቋዎች እንመለስ። በግእዝ ሐኪም «ዐቃቤ ሥራይ» ይባላል። «ሥራይ» መድኃኒትም፣ አስማትም፣ መርዝም ነው፤ የጽርዑ «ፋርማኮን» እንዲሁ ነው። «መድኃኒት» ደግሞ «ድኅነ» ካለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ ከ«መድኃኔ ዓለም» ጋር አንድ ሥር አለው። አማርኛ ግን የአይጥ መድኃኒትና የትኋን መድኃኒት ሲል፣ ሰውን የሚያድነውንና አይጥን የሚገድለውን ሳይለይ በአንድ ስም ይጠራል። «ሐኪም» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ጠቢብ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ሕክምና» የጠቢቡን ሥራ እንጂ የሥራውን ፍጻሜ አይናገርም።

ወደ ቴራፔያ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ማንም በዚህ ረገድ ያላሰበው «ማስታመም» ይመስለኛል። ለዚህም ቀላል መፈተኛ አለ። «አባቱን አስታሞ ቀበረ» ብንል ንግግሩ የተስተካከለ ነው፤ እንዲያውም ምስጋና ነው። «አባቱን ፈውሶ ቀበረ» ብንል ግን ሰሚው ይደነግጣል፤ ፈውስ ፍጻሜውን በውስጡ ይዟልና። ማስታመም አብሮ መቆየትን ብቻ ይጠይቃል። በውጭ አገር ስማር መምህሬ «ቴራፒ በአገርህ ቋንቋ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ሳላመነታ «ፈውስ» ብዬ ነበር፤ ዛሬ ያን መልስ አልደግመውም።

ነገሩ በሰው ሕይወት ላይ የታየበት ጊዜም አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ይህ ሕክምና በእንግሊዝኛ ስሙ «ቴራፒ» ነው፤ ቫይረሱን ይገታል እንጂ ከሰውነት አያጠፋውም፣ ስለዚህም ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። በአማርኛ ግን «መድኃኒት» ተባለ። መድኃኒት የሚያድን ከሆነ፣ የማያድነው ምን ሊባል ነው? በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ ከነበሩት ሕሙማን መካከል ኪኒኑን የተዉ ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ አብረው ሊወሰዱም እንደሚገባ በይፋ ተናግረዋል። ሰዎቹ ኪኒኑን የተዉበት ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም፤ የቃሉ ሸክም ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

«ሕክምና» የሚለው ቃል ይጣል አልልም፤ ለኬሞቴራፒም ለፊዚዮቴራፒም ይበቃል። «ፈውስ» ግን በሽታው ለጠፋለት ሰው ይቀመጥ። ዕድሜ ልክ ለሚዘልቀው ክትትል «ማስታመም» ቢባል የሆስፒታል ሰዎች ይቃወሙ ይሆናል፤ በእነርሱ ዘንድ አስታማሚ ማለት ምግብ ይዞ ደጅ የሚጠብቅ ዘመድ ነውና። ፓትሮክሎስም ቢሆን በሙያው ጦረኛ ነበረ፤ የቁስል መድኃኒቱን የተማረው ከጌታው ከአኪሌስ ነው።