የወጥ ቤት አደጋ፤ ተረቱና እውነታው

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ሲደርስ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ባለፈ ከፍታ ላይ የተመሠረተች ስለ ሆነች ቁሩ አጥንት ዘልቆ ይገባልና፣ ከአውቶቡሱ እንደ ወረደ ወደ ምግብ ቤት ይገሠግሣል፤ ሾፌሩም ስለሚቸኩል ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዛል። በዚያች ሰዓት በጓዳ ውስጥ ነጠላ ጫማ የተጫማች ወጣት፣ የሚንተከተክ ድስት በጨርቅ ጨብጣ፣ ዘይትና ውኃ በፈሰሰበት ወለል ላይ ትሮጣለች። አዳልጧት የወደቀች እንደ ሆነም «ወጥ ቤት የገባ መቃጠሉ አይቀርም፤ ዕድሏ ነው» ይባላል። የቀሩትን ተረቶች ሁሉ የወለደች ይህች ተረት ናት። ወለሉ ወዲያው ቢወለወል፣ ጣት የሚሸፍንና የማያንሸራትት ጫማ ቢገዛ፣ ከባዱን ድስት ሁለት ሰዎች ቢይዙት ሊቀር የሚችለውን ጉዳት ለዕድል መስጠት፣ በእኔ አስተያየት፣ ለቸልተኝነት ሽፋን መስጠት ነው።

ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም የእንቁላል ውኃ መቀባት ከጥንት የተለመደ ፈውስ ይመስላል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ ቅባት ሙቀቱን በቆዳው ውስጥ አፍኖ ያቆየዋል፣ ንጹሕ ያልሆነ ነገርም ቁስሉን ያመረቅዘዋል። የሚበጀው ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይቀድም አውልቆ፣ የተቃጠለውን አካል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር፣ ቧንቧ ከሌለም ከጆግ እያንቆረቆሩ፣ 20 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በረዶ ማድረግ፣ ውኃ የቋጠረውንም ማፍረጥ አይገባም።

በጾም ወራት፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ወጥ ቤቱ ከቅቤ ወደ ዘይት ስለሚዞር መጥበሻው እሳት የሚይዝበት ጊዜ ይመጣል። እሳትን ውኃ ያጠፋዋል ብሎ መቸኮል እዚህ ላይ መዓት ያመጣል፤ ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በዘይቱም ግለት በቅጽበት ተንኖ ከመጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ፣ የሚነደውን ዘይት እስከ ጣራ ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፍቶ፣ መጥበሻውን ሳያነሡ በክዳን መክደንና እስኪበርድ አለመክፈት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የከሰል ነገር ነው። «ፍም ከሆነና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» በሚል እምነት፣ በጋይንት ደጋ ብርድ የተነሣ መስኮት ዘግተው፣ ማንደጃ አጠገባቸው አድርገው በምግብ ቤቱ ጓዳ የሚያድሩ ሠራተኞች ሕይወታቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥም ኦክስጅን ከሚጣበቀው 200 ጊዜ ያህል አጥብቆ ይጣበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲመጡ ሰው ድካም ነው ብሎ ይተኛል፤ ተኝቶም ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ ከሰል በሚነድበት ቤት በርና መስኮት ይከፈት፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ግን ፍም ፈጽሞ አይደር። የታመመውን ወዲያው ወደ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ያሻል።

ዶልዱም ቢላዋም ከስለታሙ ይሻላል ይባላል፤ ነገር ግን ዶልዱሙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ከሽንኩርቱ አንሸራቶ ጣት ላይ ያርፋል።

በጎረቤቶቹ ከተሞች፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ «ራሷ ደፍታው ራሷ ተቃጠለች፤ ባለቤቱ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር፣ ሕጉ እንዲህ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ የሕክምናውን ወጪ እንዲሸፍን፣ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን እንዲከፍል ያዝዘዋል።