ዳገት ላይ የሚያለከልክ ሞተር

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወዳጃችን ያገለገለች አውቶሞቢል ገዝቶ፥ ከቤተ ሰቡ ጋራ እንጦጦ ማርያምን ሊሳለም ወጣ። መኪናይቱ በከተማው ሜዳ መንገድ ላይ ደኅና ትሄድ ነበር፤ ዳገቱን ስትይዝ ግን ጉልበቷ እየከዳት ሄዶ ከሽሮ ሜዳ በላይ በአንደኛ ማርሽ እንደ ኤሊ ተጎተተች። ልጆቹ ሣቁ፤ አባትየው ግን አፈረ። በማግሥቱ ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስዳት፥ ወጣቱ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቁሩን የአየር ማጣሪያ ሣጥን በጣቱ እያንኳኳ፥ «ጋሼ፥ ሞተሩን ያነቀው ይኸ ሣጥን ነው፤ እናውጣለትና እንደ ልቡ ይተንፍስ» አለው።

ሣጥኑ ወጣ። በቦታውም ቅርጹ የሞሰብ ክዳን የሚመስል ክፍት ማጣሪያ ተተከለ። ወዳጃችን በዚያው ሰሞን እኛንም አሳፍሮ ወሰደን፤ ሞተሩ እንደ አንበሳ ሲያገሣ ሰምተን መኪናይቱ በእውነት የበረታች መስሎን እንደ ነበረ አንደብቅም። ዳገቱን የወጣችበትን ጊዜ በሰዓት የለካ ሰው ግን ከመካከላችን አልነበረም።

ነገሩን ለመረዳት ከማድ ቤት መነሣት ይሻላል። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላው በድስት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ስለዚህ ነው። ምክንያቱም ከተማችን ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ በላይዋ የሚጫነው አየር በጅቡቲ ወደብ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ድስቱን ያዘገየው የአየር መሳሳት ሞተሩንም ያደክመዋል።

ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ይቃጠል ዘንድ 15 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። የ1,300 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞርና ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፥ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 2,600 ሊትር አየር ለመሳብ ይችላል። ይህም ከአሥራ ሁለት በርሜል በላይ ነው። በሊትር ሲሰፈር ልኩ በጅቡቲም በአዲስ አበባም ያው ሲሆን፥ በሚዛን ሲመዘን ግን የአዲስ አበባው ቀላል ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ የቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ 80 እንኳ አይሞላም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ይላል። የወዳጃችን መኪና ሕመም ይኸው ነበር፤ ሣጥኑ ምንም አልበደለም።

ይህን ችግር የመኪና ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የአውሮፕላን ሰዎችም ቀደም ብለው አይተውታል። አልፍሬድ ቢውኪ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ከሞተሩ በሚወጣው ጢስ ኃይል አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የማስገባትን አሳብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 በፓተንት አስመዘገበ። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ፈተነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ የአየር ማመቂያው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። ዛሬ ቱርቦ የምንለው ይኸው መሣሪያ ነው። ከጅቡቲ ጭነት ይዘው ወደ ደጋው የሚወጡት የናፍጣ መኪኖች ብዙ ሳይደክሙ የሚደርሱት በእርሱ ረዳትነት ነው። የቱርቦ መዘውር በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚዞርና ያመቀውን አየር ስለሚያግለው ማቀዝቀዣ፥ ጥሩ ዘይትና ግፊቱን የሚችል ጠንካራ ፒስቶን ይፈልጋል። ሳይታሰብለት በተሠራ ትንሽ ሞተር ላይ ቢጭኑት ግን ሞተሩን እስከ መስበር ያደርሳል።

ታዲያ የተከፈተው ማጣሪያ ምን ጠቀመ? ንጹሕ የሆነ የወረቀት ማጣሪያ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ እንኳ የሚያስቀረው የአየር ግፊት ከመቶ ሁለት እጅ እምብዛም አያልፍም። ከፍታው ሩቡን ወስዶብን ሳለ ሁለቱን ለማስመለስ ሣጥኑን መጣል፥ ጎርፍ ቤቱን እየወሰደው ጣራውን እንደ መጠገን ነው። ይልቁንም ጉዳት አለው። የፋብሪካው ሣጥን በቱቦው አማካይነት ከመኪናው ፊት ቀዝቃዛ አየር ይስባል፤ ክፍቱ ማጣሪያ ግን በኮፈኑ ሥር ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ ከኮፈኑ ሥር 60 ዲግሪ ቢሆን፥ ሞቃቱ አየር ከቀዝቃዛው በመቶ 12 እጅ ይሳሳል። ወዳጃችን ሁለት አገኛለሁ ብሎ ዐሥራ ሁለት የሰጠባቸው ቀኖች ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም። ያገሣው ድምፅም የጉልበት ምልክት አልነበረም፤ ሣጥኑ ያፍነው የነበረው የአየር መሳብ ድምፅ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን አቧራው ነው። ወዳጃችን በሥራው ምክንያት በበጋ ወደ ገጠር ይወጣል፤ በጥርጊያ መንገድ ላይ ከፊት የሚሄድ አይሱዙ የሚያስነሣውን ደመና የማያውቅ የለም። በዚያ አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከብረት ይልቅ ጠንካራ ነው። ቀዳዳው ሰፊ በሆነው ርካሽ ማጣሪያ በኩል እያለፈ ከዘይቱ ጋራ ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ሆኖ ሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ፋሻ ይፍቃል። ዓመት ሳይሞላ መኪናይቱ ሰማያዊ ጢስ ታጨስ፥ ዘይትም ትጠጣ ጀመር። በመጨረሻም ሞተሩ ወረደ። ለማሠሪያ የተከፈለው ገንዘብ ለታላቂቱ ልጅ ትምህርት ተቀምጦ የነበረው ነው፤ ባለቤቱም ይህን ስትነግረን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበን፥ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ በእጅ ያለው አሮጌ ሞተር ተንከባክበው የሚያቆዩት ዕቃ ስለ ሆነ ነው። (የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አያደክመውም፤ ለእንጦጦ ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።)

እንግዲህ በደጋ አገር የአየር መግቢያን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ከማፅዳት ቢጀምር እንመክራለን። ማጣሪያው በአቧራ ወራት ቶሎ ቶሎ ይታይ። የወረቀት ማጣሪያ በቤንዚን አይታጠብም፤ ነፋስ የሚሰጠውም ከውስጥ ወደ ውጭ፥ ያውም በለሰለሰ ግፊት ነው። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ አቧራው ማጣሪያውን ሳይነካ ስለሚገባ፥ በየመታጠፊያው በጣት እየዳሰሱ መመርመር ያስፈልጋል። በአሮጌ መኪና ካርቡራተር ካለ፥ በቆላ ልክ የተስተካከለው በደጋ ቤንዚን ያበዛልና በዐዋቂ እጅ እንደ ከፍታው ይስተካከል። በመስክ መኪኖች ጎን ሽቅብ የሚቆመው የአየር ቱቦ ደግሞ ከውሃና ከአቧራ ለመጠበቅ የተሠራ ነው እንጂ ለጉልበት አይደለም። ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር ቢገባ፥ ውሃ እንደ አየር የማይታመቅ ስለ ሆነ የፒስቶኑ ክንድ ይጣመማል።

ወዳጃችን የቀድሞውን ሣጥን ጋራዡ ስላላስቀመጠለት፥ ሌላ ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ሶማሌ ተራን ዞረ። አግኝቶም አስገጠመው። ባለፈው ወር እንጦጦን አብረነው ስንወጣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር፤ ከኋላው ያለው ሾፌር ጡሩምባ ሲነፋበት እጁን በመስኮት አውጥቶ እንዲያልፍ ምልክት ሰጠው።