ስለ ጽሕፈት ቤት ማተሚያ መኪና ግዥ፤ የመግዣው ዋጋና የማስኬጃው ወጪ

በቀጨኔ ሸክላ የምትሠራ ሴት ለምጣዷ ዋጋ ስትቆርጥ የጭቃውን ብቻ አታስብም፤ ማቃጠያው እንጨት በስንት ብር እንደ ተገዛም ትቆጥራለች። የዚያው ሰፈር ነጋዴ ግን ለጽሕፈት ቤቱ በተለምዶ ፕሪንተር የሚባለውን ማተሚያ መኪና ሲገዛ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ስንት ነው?» የሚለው ነው። ቶነሩ ስንት ይሸጣል፣ ስንት ገጽስ ያወጣል ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

የጽሕፈት መኪና በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለው አጠያየቅ ብዙ ጉዳት አልነበረውም። የአማርኛ ፊደል የተቀረጸበት ኦሊቬቲ አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ የሚፈልገው ሪባን፣ ካርቦን ወረቀትና አልፎ አልፎ ጥቂት ዘይት ነበር። የዛሬው ማተሚያ መኪና ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። ፋብሪካዎች መኪናውን በረከሰ ዋጋ ሸጠው ትርፋቸውን ከቀለሙ የሚሰበስቡበት አሠራር ከተለመደ ብዙ ዓመታት ስለ ሆነው፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ርካሽ መስሎ የሚታየው መኪና በሦስት ዓመት ውስጥ ከሁሉ የተወደደ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ነገሩ በቁጥር ይታይ። በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ የሀገር ባህል ልብስ እያስሸመነ ለሽሮ ሜዳና ለመርካቶ የሚያከፋፍል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨረታ የሚገባ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ጽሕፈት ቤቱ በወር 600 ገጽ ያትማል፤ በሦስት ዓመት 21,600 ገጽ ይሆናል። ሁለት መኪናዎች ቀርበውለታል። አንደኛው በ18,000 ብር የሚሸጥ ትንሽ ሌዘር ነው፤ ሁለተኛው ፈሳሽ ቀለም ከጠርሙስ ወደ ጋኑ የሚገለበጥለት፣ 34,000 ብር የሚጠየቅበት ነው። ብሩ ለስሌት ያህል የተወሰደ ስለ ሆነ አንባቢው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተካው። የገጹ ብዛት ግን ከፋብሪካዎቹ መግለጫ የተገኘ ነው፤ 85ኤ የሚባለው የኤችፒ ቶነር 1,600 ገጽ፣ ኤፕሰን ኤል3250 የሚጠቀምበት አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም ደግሞ 4,500 ገጽ ያወጣል ይላሉ።

ቶነሩ 6,400 ብር ቢሸጥ አንዱ ገጽ 4 ብር ይወጣበታል፤ ጠርሙሱ 1,800 ብር ቢሸጥ አንዱ ገጽ 40 ሳንቲም ይሆናል። ወረቀቱ ለሁለቱም እኩል ስለ ሆነ አልተቆጠረም። በሦስት ዓመት ለሌዘሩ ቶነር 86,400 ብር፣ ለባለ ጋኑ ቀለም 8,640 ብር ይከፈላል። የመግዣው ዋጋ ሲደመርበት ሌዘሩ 104,400 ብር፣ ባለ ጋኑ 42,640 ብር ያስወጣል ማለት ነው። በግዥው ዕለት ተረፈ የተባለው 16,000 ብር 4,444 ገጽ ሲታተም ያልቃል፤ ይህም በስምንተኛው ወር ላይ ነው። በመጨረሻ በከንቱ የወጣው 61,760 ብር ለሸማኔዎቹ ድርና ማግ መግዣ ሊሆን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

ፋብሪካው የሚናገረው የገጽ ብዛት ቀለም ከወረቀቱ ወደ 5 በመቶ ብቻ በሚሸፍንበት ጽሑፍ የተለካ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ትልቅ አርማና ጥቁር መደብ ያለው ሠንጠረዥ የሚያትም ጽሕፈት ቤት የተባለውን ያህል አያገኝም። እንደዚሁም ከአዲስ መኪና ጋር የሚመጣው ቶነር ብዙ ጊዜ ሙሉ ስላልሆነ፣ ገዢው ሙሉ ቶነር በነጻ አገኘሁ ብሎ ባይቆጥር ይሻላል።

የከተማችን ነጋዴ ግን ሌላ መንገድ ያውቃል፤ እርሱም ያለቀውን ቶነር ማስሞላት ነው። ማስሞያው 960 ብር ቢሆን አንዱ ገጽ ወደ 60 ሳንቲም ይወርዳል፤ የሦስት ዓመቱም ወጪ ከነመኪናው 30,960 ብር ሆኖ ከባለ ጋኑ ያንሳል። ስሌቱ ተገለበጠ! ሆኖም በእንዲህ ያለው ቶነር ውስጥ ምስሉን የሚይዘው ድራምና ትርፍ ዱቄቱን የሚጠርገው ምላጭ አብረው ስለሚገኙ፣ በተሞላ ቁጥር እየተበሉ ይሄዳሉ፤ ሳይለወጡ ደጋግሞ ማስሞላት በገጹ ላይ ግራጫ መስመርና ነጠብጣብ ያመጣል። ለውስጥ መዝገብ ይህ ምንም አይደለም፤ ለጨረታ ሰነድ ግን ነውር ነው። ከዚህም በላይ አንዳንድ መኪናዎች የፋብሪካው ቺፕ የሌለበትን ቀለም አይቀበሉም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በርካታ የኤችፒ ኦፊስጄት መኪናዎች የሌላ ፋብሪካ ቀለም በድንገት አንቀበልም ማለታቸው በዓለም ሁሉ ብዙ ቅሬታ ያስነሣ ነገር ነበር። ስለዚህ የማስሞያውን ዋጋ ይዞ የሚያሰላ ሰው፣ ሊገዛው ያሰበው ሞዴል በእርግጥ የሚሞላ መሆኑን ከሚያስሞላበት ባለሙያ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሥራው ጥቂት የሆነ ነጋዴ ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። በወር 60 ገጽ ብቻ የሚያትም ከሆነ ያ 16,000 ብር የሚመለስለት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ፈሳሽ ቀለምም ሳይሠራበት ሲቆይ በማተሚያው ቀዳዳዎች ላይ ይደርቃል፤ ለማጽዳትም ያው የተገዛው ቀለም ይፈስሳል፤ የፈሰሰውን የሚጠጣው ስፖንጅ ሲሞላም መኪናው ሥራ ያቆማል። የሌዘር ቶነር ግን ዱቄት ስለ ሆነ አይደርቅም። ለእንዲህ ያለው ሱቅ ትንሽ ሌዘር ይበቃዋል፤ አለዚያም በአካባቢው ካለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እያሳተመ ገንዘቡን በሸቀጥ ላይ ቢያውለው ማንም አይነቅፈውም።

መብራትም የማስኬጃ ወጪ አካል ነው። ሌዘር ዱቄቱን በሙቀት አቅልጦ ከወረቀት ጋር ስለሚያጣብቅ በሚያትምበት ጊዜ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ በመሆኑም ለኮምፒውተር ከተገዛው ትንሽ ዩፒኤስ ጋር ማያያዝ አይመከርም። ባለ ፈሳሽ ቀለሙ በጥቂት ዋት ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም በዩፒኤስ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመኪናው ዋጋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያለቀ ነው፤ የቀለሙ ዋጋ ግን ከውጭ እስከ መጣ ድረስ ከዶላሩ ጋር ይወጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ 14 ቶነር የሚገዛ ነጋዴ 14 ጊዜ ለምንዛሪው ይጋለጣል፤ ባለ 5 ጠርሙሱ ግን 5 ጊዜ ብቻ፣ ያውም በትንሽ ገንዘብ።

ስለዚህ ገዢው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ በሦስት ወር ስንት እስር ወረቀት እንደ ጨረሰ ከመዝገብ ይመልከትለት፤ አንዱ እስር 500 ቅጠል ነው። ሻጩንም የቶነሩን ቁጥር፣ ዋጋውን፣ የገጹን ብዛትና ያ ቶነር ዛሬ በእጁ መኖሩን ይጠይቀው። መኪናውን በሚገዛበት ዕለት አንድ ተጨማሪ ቶነር ወይም ጠርሙስ አብሮ ገዝቶ በመሳቢያ ያኑር፤ ጨረታው በ4 ሰዓት በሚዘጋበት ቀን ቀለም ፍለጋ ከቀጨኔ መርካቶ መውረድ አይቻልምና።