ሰው ሠራሽ ጥፍር፦ ሳይሠሩት በፊት አወላለቁን ይወቁ

የሠርግና የዒድ ሰሞን ሲቃረብ በየውበት ሳሎኑ ወረፋ ከሚያስጠብቁት ጌጦች አንዱ ሰው ሠራሽ ጥፍር ነው። ለመሠራት የተቀመጠች እህት አስቀድማ የምትጠየቀው ስለ ቀለሙና ስለ ርዝመቱ ነው። እሷ ግን ከሁሉ በፊት ልትጠይቅ የሚገባት "ይህ ጥፍር መቼና እንዴት ይወልቃል?" ብላ ነው። አንዱን ዓይነት ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር አወላለቁ ነውና።

ለሙስሊም እህት ይህ ጥያቄ ክብደቱ ይጨምራል። በሱረቱል ማኢዳ 6ኛ አንቀጽ ለሰላት ስንነሳ እጃችንን እስከ ክርን እንድናጥብ ታዘናል፤ ጥፍርም የእጅ አካል ነው። በመሆኑም ውሃ ወደ ጥፍር እንዳይደርስ የሚከለክል ልባስ ካልተነሳ ውዱእም ሆነ የገላ ትጥበት (ጉስል) እንደማይሟላ ዑለማእ ያስተምራሉ። ለቁስል መሸፈኛ የተሰጠው ፈቃድ ለጌጥ አይሠራም። ጥፍሩን መጠቀም በራሱ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ ደግሞ የተለያየ አቋም ስላለ፣ የምታምኗቸውን ዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው።

እነሆ ዋና ዋናዎቹን ዓይነቶች እንመልከት።

ተለጣፊ ጥፍር፦ ተሠርቶ ያለቀ የፕላስቲክ ጥፍር ሲሆን በሁለት መንገድ ይያያዛል። በሁለት ወገን በሚለጠፍ ስስ ማጣበቂያ የተያያዘው ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በጥቂት ዘይት ቀስ ብሎ ይለቃል። በሙጫ የተያያዘው ግን ይከብዳል። ይህ ሙጫ ሳያኖአክሪሌት የሚባለው፣ ዕቃ ከምንጠግንበት ፈጣን ሙጫ ጋር አንድ ዘር ነው። ጥጥ ወይም የጥጥ ልብስ ላይ ቢፈስ ግሎ ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

አክሪሊክ፦ ፈሳሽና ዱቄት ተቀላቅሎ ጥፍር ላይ የሚደርቅ ነው። መነሻው የጥርስ ሕክምና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድ ስላክ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም የተሰበረ ጥፍሩን በሙያው ዕቃ እንደጠገነ ይነገራል። ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ ሥሩ ላይ መሞላት አለበት። ሲወልቅም አሴቶን ውስጥ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ መዘፍዘፍ ይፈልጋል። ሚታይል ሜታክሪሌት ከሚባለው ፈሳሽ ተጠንቀቁ፤ በጥፍርና በቆዳ ላይ ባደረሰው ጉዳት ምክንያት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1970ዎቹ በንጹሕ መልኩ የሚሸጡትን ፍርድ ቤት አቁሟል። ሽታው እጅግ የከረረ፣ በአሴቶንም በቀላሉ የማይሟሟ ከሆነ ተጠራጠሩ።

ጄል፦ በአልትራቫዮሌት ወይም በኤል ኢ ዲ መብራት ሥር የሚጠነክር ነው። በሚገባ ሳይጠነክር ቆዳ ከነካ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 በተለይ ቤት ውስጥ ራሳቸው የሚሠሩትን አስጠንቅቋል። አለርጂው አንዴ ከጀመረ ዕድሜ ልክ ሊቆይ፣ ተመሳሳይ ቅመም ያለበትን የጥርስ ሕክምናም ሊያውክ ይችላል። ቲ ፒ ኦ የተባለውን የጄል ማጠንከሪያ የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዋቢያዎች ውስጥ ከልክሏል።

የትኛውም ዓይነት ቢሆን የሚብሰው ጉዳት የሚደርሰው ተፈልቅቆ ሲነሳ ነው፤ የተፈጥሮው ጥፍር ንጣፍ አብሮ ይገሸለጣልና። የተጎዳ የእጅ ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ 6 ወር ያህል ይፈጃል። ከሥሩ ቆሻሻና ተህዋስያን ስለሚደበቁም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የ2009 የእጅ ንጽሕና መመሪያ በሽተኛ በቀጥታ የሚነኩ ባለሙያዎች ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርጉ ይመክራል። ለቤተሰቧ ምግብ የምታዘጋጅና ሕፃን የምታቅፍ እናትም ይህን ልብ ትበል።

እንግዲህ ምርጫው ምን ይሁን? በቀን አምስት ጊዜ ውሃ የሚነካው እጅ፣ ለማውለቅ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ አሴቶን ከሚፈልግ ጥፍር ጋር አይስማማም። ለአንድ ቀን ሠርግ ብላ አክሪሊክ የተሠራች ሙሽራ፣ እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላም ጥፍሯ ሳይነሳ የሳምንታት ሰላቷ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የግድ ጥፍር ያማራት እህት ሰላት በማትሰግድባቸው የወር አበባ ቀናት በማጣበቂያ የሚያዘውን ተለጣፊ ብትመርጥና ከጉስል በፊት ብታነሳው ከሁሉ ይቀላል።

ከዚህ የተሻለ ግን በእጃችን አለ። ሒናና የአገራችን እንሶስላ ጥፍርን ያቀላሉ እንጂ አይሸፍኑም፤ ቅሪቱ ከታጠበ በኋላ የሚቀረው ቀለም ውሃን አይከለክልም። "ጥቁር ሒና" ከሚባለው ብቻ ተጠበቁ፤ ብዙውን ጊዜ የፀጉር ቀለም ቅመም ስለሚጨመርበት ቆዳን ያቆስላል።

እናቶችም ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ "አይሆንም" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ምክንያቱን አስረዷቸው፤ ከዚያም ለዒድ ዋዜማ አብራችሁ ሒናውን በጥብጡ። ወሏሁ አዕለም።