የመኪናን ባትሪ የሚገድለው ምንድን ነው?

ስለ መኪና ባትሪ ከሚነገሩት የተስፋፉ እምነቶች አንዱ፣ ባትሪን የሚጨርሰው ሞተር ማስነሳት ነው የሚለው ነው። ቁልፉ ሲዞር የዳሽቦርዱ መብራት ስለሚደበዝዝ፣ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ እምነቱ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ኃይለኛ ጅረት የሚቆየው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በመሆኑ፣ 150 አምፔር ለ2 ሰከንድ ቢሳብ እንኳ ከባትሪው የሚወጣው 0.08 አምፔር ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። አምፔር ሰዓት የአንድ አምፔር ጅረት ለአንድ ሰዓት ሲፈስ የሚወስደው የኤሌክትሪክ መጠን ሲሆን፣ የአነስተኛ የቤት መኪና ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል። በአንጻሩ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በርተው የተረሱ ሁለት የፊት መብራቶች፣ እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ፣ በአንድ ሰዓት 9 አምፔር ሰዓት ያህል ይወስዳሉ፤ ይህም ሞተሩን ከ100 ጊዜ በላይ ለማስነሳት የሚበቃ ነው።

የደከመ ባትሪ መኪናው በቆመበት ሞተሩን አሥር ደቂቃ ቢያሠሩት ይሞላል የሚለውም እንዲሁ የተሳሳተ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው፣ ማለትም በሞተሩ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የሚያመነጨው ኃይል አነስተኛ ከመሆኑም በላይ መብራቱ፣ ማራገቢያውና ሬዲዮው ይሻሙታል፤ ባትሪውም እየሞላ በሄደ ቁጥር የሚቀበለው ጅረት ስለሚቀንስ የመጨረሻው አምስተኛ ክፍል ሰዓታት ይፈጃል። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ አጫጭር መንገድ ብቻ የሚመላለስ መኪና ባትሪው ሳይሞላ የሚከርመው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱም ከባድ ነው፦ ባትሪው ኃይል በሰጠ ቁጥር በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ቶሎ ከተሞላ ይህ ውሕድ ተመልሶ ይሟሟል፣ ሳይሞላ ከቆየ ግን ጠንካራ ክሪስታል ሆኖ የባትሪውን አቅም ለዘለቄታው ይቀንሳል። ብዙዎች 12 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው ብለው ስለሚረኩ ሁኔታውን አያስተውሉትም፤ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ካረፈ በኋላ ሙሉነቱን የሚያመለክተው 12.6 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ 12.0 ቮልት ግን ሩብ ያህል ብቻ እንደቀረው ያሳያል።

ውሃው ለጎደለ ባትሪ አሲድ መጨመርም ያጠፋል እንጂ አያለማም። በሙቀትና በመሙላት ጊዜ የሚጠፋው በዋናነት ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ፣ ሊጨመር የሚገባው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

ከሁሉም አደገኛው ግን ዲናሞው መሥራቱን ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ነው። ኤሌክትሮኒክስ ባልበዛባቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ልማዱ ያን ያህል ጉዳት ሳያስከትል ሊታለፍ ይችል ነበር፤ በዛሬዎቹ መኪኖች ግን የዲናሞውን የቮልት መዋዠቅ የሚያረጋጋው ባትሪው ስለሆነ፣ ገመዱ በተነቀለበት ቅጽበት ቮልቱ በድንገት አሻቅቦ የዲናሞውን ዳዮዶችም ሆነ የሞተሩን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ በቮልት መለኪያ 14 ቮልት ገደማ ከተገኘ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ስለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደሉም፤ በርካታዎቹ መኪናውን ከሚነዳው ትልቅ ባትሪ ሌላ የበር መቆለፊያውን፣ መብራቱንና ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስላላቸው፣ ይህ ትንሹ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነሳም።