በወረርሽኝ ወቅት የቀጠሮ ቀዶ ሕክምናን መልሶ መጀመር

የቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ቀኑ አስቀድሞ ተወስኖ የሚሠራ፣ በዕለቱ ባይሠራ የታካሚውን ሕይወት ወዲያው አደጋ ላይ የማይጥል ቀዶ ጥገና ነው። የእንቅርት፣ የቡአ፣ የዓይን ሞራና የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመደባሉ። ምጥ የጠናባት እናት ወይም የፈነዳ ትርፍ አንጀት ግን ድንገተኛ ስለሆኑ ቀጠሮ አይጠብቁም። «የቀጠሮ» መባሉ ቀኑ ሊመረጥ እንደሚችል ይገልጻል እንጂ ሕክምናው ቢቀርም ግድ የለም ማለት አይደለም። በኮቪድ-19 ዘመን ሆስፒታሎችን ያስጨነቀው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ ማን ይጠብቅ? እስከ መቼ?

የመቋረጡ ምክንያት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዓለም ዙሪያ ሆስፒታሎች የቀጠሮ ቀዶ ሕክምናን አቆሙ ወይም ቀነሱ። ኮቪድሰርጅ የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ኅብረት ወረርሽኙ በበረታባቸው 12 ሳምንታት ብቻ 28.4 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚሰረዙ ወይም እንደሚተላለፉ ገምቷል።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ኦክስጅን፣ አልጋ፣ ጓንት፣ ጭምብልና የማደንዘዣ ባለሙያ ለኮቪድ ታማሚም ለቀዶ ሕክምናም የሚያስፈልጉ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው የታካሚው የራሱ አደጋ ነው። ይኸው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ሰሞን ቫይረሱ ከተገኘባቸው 1,128 ታካሚዎች መካከል 23.8 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ የሳንባ ችግር ገጥሟቸዋል።

የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና

ይህ ሕክምና ጨጓራን በማሳነስ ወይም የምግብን መተላለፊያ በማሳጠር ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜም የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን ያሻሽላል። በወረርሽኙ መጀመሪያ ከቆሙት ሕክምናዎች አንዱ ነበር። ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ራሱ በኮቪድ-19 ክፉኛ የመታመምን ዕድል እንደሚጨምር ሲታወቅ፣ ሕክምናውን ማቆየቱም አደጋ እንዳለው ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 በዘርፉ የታወቁ ሐኪሞች ያወጡት ምክር ወረፋው በክብደት ወይም በተመዘገቡበት ቀን ሳይሆን በሕመሙ ጽናት እንዲወሰን የሚል ነበር፤ ለምሳሌ ስኳሩ በመድኃኒት አልቆጣጠር ያለው ሰው ይቀድማል።

በደቡብ ጎንደር

በደቡብ ጎንደር ደጋ ቀጠሮ የሚጠብቀው ሕመም በአብዛኛው ሌላ ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ደቡብ ጎንደርም በበሽታው ከተጎዱት ዞኖች ይቆጠራል። በሽታው ሲቆይ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ የዓይኑን ብሌን ይፍቃል። ማስተካከያው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በጤና ጣቢያም ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ለተባሉ የቆላ በሽታዎች የሚደረጉ ዘመቻዎችና ታማሚን በየመንደሩ የመፈለግ ሥራ ለጊዜው እንዲቆሙ መከረ። ምክሩ ከበሽታው ስርጭት አንጻር ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የተፋቀ ብሌን ጠባሳ ይይዛል፣ በዚህ የጠፋ ብርሃንም ቆቡን በማቃናት አይመለስም።

የመንገዱም ጉዳይ አለ። ከዞኑ ከተማ ከደብረ ታቦር አቅም በላይ የሆነ ሕመም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። በመጋቢት 2012 መጨረሻ ግን ባሕር ዳር ራሷ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ከተገደበባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ከጋይንት ወይም ከእስቴ ለመጣ ገበሬ የተሰረዘ ቀጠሮ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የአስታማሚ የሥራ ቀንና የማደሪያ ወጪ ማለት ነው።

በደህና ለመጀመር የሚያስፈልገው

መልሶ መጀመር በአንድ ቀን በሩን መክፈት ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሥራ ነው።

መጀመሪያ፣ በአካባቢው ያለው የስርጭት መጠንና የሆስፒታሉ የኦክስጅን፣ የአልጋና የባለሙያ አቅም ይታያል። ቀጥሎ ወረፋው ይከለሳል፤ ቢቆይ የማይመለስ ጉዳት የሚደርስበት ይቀድማል። መተንፈሻን የሚያጠብ እንቅርት ለመልክ ብቻ ከሚያስቸግረው በፊት ይሠራል።

ታካሚው ከመግባቱ በፊት ስለ ሕመም ምልክት ይጠየቃል፣ ሲቻልም ይመረመራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የጤነኛ ሰው የደም ኦክስጅን ልኬት ከቆላው ትንሽ ዝቅ ሊል እንደሚችል እዚህ ላይ መታሰብ አለበት። በአካባቢ ማደንዘዣ ሊሠራ የሚችለውም በዚያው ቢሠራ ይመረጣል። የኮቪድ ታማሚዎች መግቢያና ክፍል ይለያል፤ የአስታማሚ ቁጥርም ይቀነሳል።

ኮቪድ ይዞት የዳነ ሰውስ? ከ140 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ ቀዶ ሕክምናው ከተያዙበት ጊዜ ቢያንስ ሰባት ሳምንት ቢቆይ የሞት አደጋው ካልተያዘ ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል፤ ምልክቱ ያልለቀቀው ሰው ግን ከዚያም በላይ መቆየት አለበት። በኢትዮጵያ ክትባት መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ ከተስፋፋና የቫይረሱ ዝርያ ከተለወጠ በኋላ የቆይታ ጊዜው በየታካሚው ሁኔታ መወሰን ጀምሯል።

በመጨረሻም፣ ቀጠሮው የተላለፈበት ሰው ከመዝገብ መጥፋት የለበትም። ስሙና ስልኩ ተይዞ፣ ስልክ ከሌለውም በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ሕመሙ እየተጠየቀ፣ ከባሰበት ወረፋው መቅደም ይኖርበታል።